ለአጥቢ ላም የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ፦ በላም፣ በጥጃ ወይስ በሄክታር ይከፈል?

የገጠር_ጥናት

ሰላም ለሁላችሁ። የገጠር ኢኮኖሚ ድጎማዎችን የሚያነጻጽር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው፤ አሁን የደረስኩት የሥጋ ላሞች ክፍል ላይ ነው። የማይታለቡትን፣ ወተታቸውን በሙሉ ለጥጃቸው የሚሰጡትን ማለቴ ነው። ጥጃው ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወር ከእናቱ ጋር ሲግጥና ሲጠባ ቆይቶ ጡት ይጥላል፤ ከዚያ ለአድላቢ ይሸጣል ወይም እዚያው ይደልባል። ለማሳጠር «አጥቢ ላም» ልበላት። ምሳሌ የያዝኩት አየርላንድንና ስኮትላንድን ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስኮትላንድ የምትከፍለው ለላሟ ሳይሆን ለጥጃው ነው። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ እናትየው ካለፈው ወሊዷ ወዲህ ከ410 ቀን በላይ ከቆየች ለጥጃው አይከፈልም። 410 ከየት መጣ? ገበሬውስ በላሟ ማሕፀን ላይ ምን ሥልጣን አለው? በአየርላንድ በኩል ደግሞ «ለመጀመሪያዎቹ 22 ላሞች 150 ዩሮ፣ ከዚያ በላይ ላሉት 120 ዩሮ» ይባላል፤ የክፍያው ደንብ ግን የሚያወራው ስለ ሄክታር ነው። ሁለቱ እንዴት ይገናኛሉ?

ከሁሉ በላይ ማወቅ የምፈልገው ገንዘቡ የት እንደሚቀር ነው። ላሟ በምትግጥበት ሰፈር ይቀራል ወይስ መሬት ለሚያከራየው ሰው ያልፋል? መርሑን ሳይሆን ስሌቱንና በረት ውስጥ የሚሠራውን ብትነግሩኝ ይጠቅመኛል።


አርቢ_ቆጣሪ

ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። ገንዘቡ ለምን መከፈል እንደጀመረ ካልታወቀ የአሁኑ ቅድመ ሁኔታ ሁሉ ዘፈቀደ ይመስላል፤ ስለዚህ ከዚያ ልነሳ።

የምትታለብ ላም በቀን ሁለቴ ገቢ ታመጣለች፤ ጥጃዋ ምርቃት ነው። የአጥቢ ላም የዓመት ወጪ ግን በሙሉ የሚወድቀው በአንድ ጥጃ ላይ ነው። የክረምት ገፈራዋ፣ ማዕድኗ፣ ሐኪሟ፣ የኮርማው ድርሻ፣ የአጥሩ ጥገና ተደምሮ ከዚያች ጥጃ ዋጋ ይነሳል። ዘንድሮ ካልወለደች ወጪው አይቀንስም፣ ገቢው ግን ዜሮ ነው። በገበያ ብቻ ሲታይ ትርፉ ስስ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የአየርላንድ የግብርና ምርምር ተቋም ቲጋስክ በየዓመቱ በሚያወጣው የእርሻ ጥናት ላይ ጥጃ በሚያሳድጉ እርሻዎች ቀጥታ ክፍያው (መንግሥት በቀጥታ ለገበሬው የሚሰጠው) ለብዙ ዓመታት ከቤተሰቡ ጠቅላላ የእርሻ ገቢ በልጦ ይገኝ ነበር። ይህም ማለት ድጎማው ባይኖር ሥራው ራሱ ኪሳራ ነበር። በ2023 የእነዚህ እርሻዎች አማካይ ገቢ ከ10,000 ዩሮ በታች ነበር።

ታዲያ መንግሥት ለምን ያቆየዋል? ላሞቹ የሚግጡበት መሬት አብዛኛው ማረሻ የማይገባበት ነው። ከስኮትላንድ የእርሻ መሬት 85 በመቶ ያህሉ ተፈጥሮ ያላገዘው ተብሎ የተመደበ ነው፤ በአብዛኛው ሣር እንጂ እህል አያበቅልም። ሣሩን ወደ ገንዘብ የሚቀይሩት በግና ላም ናቸው።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። የያኔው የአውሮፓ ማኅበረሰብ የአጥቢ ላም ክፍያ የጀመረው በ1980 ነው። ቅቤና የወተት ዱቄት መጋዘን ሞልቶ የነበረበት ጊዜ ስለነበር ሐሳቡ ገበሬው ወተት ሳይጨምር ከብት እንዲያረባ ነው። በ1992 አየርላንዳዊው የግብርና ኮሚሽነር ሬይ ማክሻሪ ባካሄደው ለውጥ ለእያንዳንዱ ገበሬ የላም ቁጥር ጣሪያ ተበጀለት፤ በሄክታር የሚፈቀደው ከብትም ተወሰነ። ችግሩ ክፍያው የላሟን መኖር እንጂ መውለዷን አለመጠየቁ ነበር። ስለዚህ ያረጀች፣ ሁለት ዓመት ጥጃ ያልሰጠች ላም ሁሉ ለክፍያው ስትባል በረት ውስጥ ትቆይ ነበር። ይህ የገበሬው ስንፍና አይደለም፤ ሕጉ የሚከፍለው ለዚያ ስለነበር ነው።

በ2003 ፍራንዝ ፊሽለር ኮሚሽነር ሳለ ክፍያው ከከብት ቁጥር ተላቀቀ። እዚህ ላይ አገሮቹ ተለያዩ። አየርላንድ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2005 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ አላቀቀችው። ፈረንሳይ የአጥቢ ላም ክፍያዋን እንዳለ ከላሟ ጋር አቆየችው። ስኮትላንድ አብዛኛውን አላቅቃ ከበሬ ሥጋው ድርሻ ጥቂት ቀነሰችና በጥጃ መክፈል ጀመረች። ለጽሑፍሽ ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ አታገኚም፤ ጎን ለጎን ያሉ አገሮች በአንድ ጊዜ ሦስት መንገድ ያዙ።

በአየርላንድ ገንዘቡ ላሟን መከተል ትቶ ገበሬውን መከተል ጀመረ። ከዚያ የወተት ኮታ (የወተት ምርት ጣሪያው) በኤፕሪል 1 ቀን 2015 ሲነሳ መሬቱ ጥሩ የሆነለት ወደ ወተት ሄደ። ከ1 ሚሊዮን በላይ የነበረው የአጥቢ ላም ቁጥር አሁን ከዚያ በታች ነው። የአውሮፓ ኅብረት አሁን አገሮች ከቀጥታ ክፍያቸው እስከ 13 በመቶ፣ ለፕሮቲን ሰብል ሌላ 2 በመቶ ጨምረው፣ ከምርት ጋር እንዲያያይዙ ይፈቅዳል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ የላም ቁጥር ላይ የሚከፈል ድጎማ መካን ላም ያበዛል፣ ሄክታር ላይ የሚከፈል ኪራይ ያስወድዳል። ተወልዳ፣ ቆማ፣ ተመዝግባ ለተገኘች ጥጃ መክፈል ከሁለቱም ይሻላል። ስኮትላንድ ላይ ዝርዝሩ ጥሩ ነው፦ ጥጃው ቢያንስ 75 በመቶ የሥጋ ዝርያ መሆን አለበት፣ ስኮትላንድ ውስጥ ተወልዶ ቢያንስ 30 ቀን በተወለደበት እርሻ መቆየት አለበት። 75 በመቶ ማለት አባቱ የሥጋ ዝርያ ሆኖ እናቱም ቢያንስ ግማሽ የሥጋ ደም ያላት ማለት ነው። ከወተት ላምና ከሥጋ ኮርማ የተወለደው ጥጃ 50 በመቶ ስለሆነ አይገባም። በዚህች አንዲት መስመር ገንዘቡ ወደ ወተት በረት እንዳይፈስ ተደርጓል።

አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ይስታል፤ የክፍያው መጠን ቋሚ አይደለም። በዓመት 40 ሚሊዮን ፓውንድ ተመድቧል፤ 34 ሚሊዮኑ ለዋናው ምድር፣ 6 ሚሊዮኑ ለደሴቶች። ያ ገንዘብ ለቀረቡት ጥጆች ይካፈላል። በዋናው ምድር 340,000 ጥጆች ቢቀርቡ ለእያንዳንዱ 100 ፓውንድ፣ 300,000 ቢቀርቡ 113 ፓውንድ ይደርሳል ማለት ነው። ስለዚህ በ410 ቀን የወደቀው ጥጃ ድርሻ ወደ መንግሥት አይመለስም፤ ላለፉት ይከፋፈላል።


ጊደርና_ጥጃ

ስለ 410 ልመልስ። ቁጥሩ የሚገባሽ ከእርግዝናው ጋር ስታይው ነው።

የሥጋ ላም እርግዝና እንደ ዝርያው ቢለያይም 285 ቀን ያህል ነው። በዓመት አንድ ጥጃ ከተፈለገ 365 ሲቀነስ 285፣ ይህም 80 ቀን ይቀራል። በዚያ 80 ቀን ውስጥ ላሟ ማሕፀኗ ተመልሶ፣ ኮርማ ፈልጋ፣ ተጠቅታ መያዝ አለባት። ማርች 1 የወለደች ላም በሚቀጥለው ማርች 1 እንድትወልድ እስከ ሜይ 20 መያዝ አለባት። በ410 ደንብ ግን 125 ቀን አላት። የላም የፍላጎት ዙር 21 ቀን ስለሆነ ልዩነቱ ሁለት ተጨማሪ ዙር ነው። ደንቡ እንግዲህ በየዓመቱ ውለጂ አይልም፤ ሁለት ዙር ያመለጣትን እንኳ ይምራል። ጥብቅ ነው ሲባል ስሰማ ይህን ነው የማስበው።

እንዲያውም 410 ለገበሬው የማለፊያ መስመር እንጂ ግብ መሆን የለበትም። ማርች 1 ቀን 2025 የወለደች ላም በ410 ቀን ኤፕሪል 15 ቀን 2026፣ ከዚያ ሜይ 30 ቀን 2027 ትወልዳለች። ሁለቱም ጥጆች ድጎማ ያገኛሉ። ሽያጩ ግን በየዓመቱ በጥቅምት አንድ ሳምንት ነው። ጥጃ በቀን 1.1 ኪሎ ቢጨምር የ2026ቱ ጥጃ 50 ኪሎ ያህል፣ የ2027ቱ ደግሞ 100 ኪሎ ያህል ቀልሎ ሚዛን ላይ ይወጣል። የጠፋው ኪሎ ዋጋ ከድጎማው ይበልጣል።

ላሟ የምትዘገይባቸው ምክንያቶች ብዙ አይደሉም፤ በገንዘብ ከባዱ ኮርማው ነው። ላሞቹ በአንድ ጥቂያ የሚጸንሱበት መጠን 60 በመቶ ከሆነ፣ ከ100 ላም በመጀመሪያው ዙር 60፣ በሁለተኛው 84፣ በሦስተኛው 94 ያህሉ ይይዛሉ። ዘጠኝ ሳምንት በቂ ነው። ኮርማው ደካማ ሆኖ 30 በመቶ ብቻ ቢያስይዝ 30፣ 51፣ 66 ይሆናል። ከውጭ ስታይው ግን ይዘላል፣ ይሠራል፣ ምንም አይጎድለውም። ሙሉ በሙሉ መካን የሆነ ኮርማ ቶሎ ይታወቃል፤ የሚጎዳው ይህ ግማሹ ነው። ከአምስት ኮርማ አንዱ ያህል በዚህ ዓይነት ድክመት ይጠረጠራል።

ስለዚህ ኮርማው መንጋ ውስጥ ከመግባቱ ከ8 እስከ 10 ሳምንት አስቀድሞ ይመርመር። ሐኪሙ የቆለጡን ዙሪያ ይለካል፤ ሁለት ዓመት የሞላው ኮርማ ቢያንስ 34 ሳንቲ ሜትር መድረስ አለበት። ዘሩን ወስዶ በማይክሮስኮፕ ያያል፤ ወደፊት የሚዋኘው 60 በመቶ መሆን አለበት። ከ8 ሳምንት በፊት የሚባለው አንድ የዘር ዙር ተፈጥሮ ለመብሰል ሁለት ወር ያህል ስለሚፈጅ ነው። በክረምት ትኩሳት ይዞት የነበረ ኮርማ አሁን ድኖ ቢታይም ዘሩ ገና አልተመለሰ ይሆናል። ለበሰለ ኮርማ ከ30 እስከ 40 ላም፣ ለመጀመሪያ ዓመቱ ወይፈን ከ15 እስከ 20 በቂ ነው። መንጋ ውስጥ ከገባ በኋላም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት የተጠቁትን ላሞች ቁጥር መዝግቡ፤ ከ21 ቀን በኋላ ብዙዎቹ እንደገና ሲፈልጉ ካያችሁ ኮርማው ይቀየር። አንድ ዙር ቢባክን እንጂ ዓመቱ አይባክንም።

ቀጥሎ የላሟ አቋም ነው። በ1 እስከ 5 መለኪያ በወሊድ ቀን ከ2.5 እስከ 3 ላይ ብትገኝ ጥሩ ነው። በዓይን አትፍረዱ፤ የክረምት ጸጉር ያታልላል። ከመጨረሻዋ የጎድን አጥንት ኋላ ባለው የወገቧ ክፍል መዳፍን ዘርግቶ በአውራ ጣት የአጭር አጥንቶቹን ጫፍ መጫን ነው። ጫፉ ስለታም ሆኖ አንድ በአንድ ከተቆጠረ 2 ወይም ከዚያ በታች ናት፤ ጠንከር ብሎ ሲጫኑት ብቻ ክብ ሆኖ ከተሰማ 3 ናት። አንድ ነጥብ በ600 ኪሎ ላም ላይ ከ75 እስከ 100 ኪሎ ያህል ነው። ይህን የሚያህል ሥጋ ከወለደች በኋላ፣ ጥጃ እያጠባች አትመልሰውም። የሚመለሰው ጥጃው ጡት ከጣለ በኋላ ባለው መኸር ነው፤ ምርመራውም ያኔ ይደረግና ቀጫጮቹ ተለይተው ይመገቡ። ከ3.5 በላይ ወፍራም ሆና መውለድ ደግሞ ምጥ ያከብዳል። ሰው ይህን ሲያይ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ያስርባታል፤ ያ ስሕተት ነው። እንገሯ ይሳሳል፣ ጥጃዋም ይደክማል።

በጣም የሚያስቸግሩት ሁለተኛ ጥጃ የሚወልዱት ናቸው። ራሷ ገና እያደገች ነው፣ ታጠባለች፣ ጥርሷም እየተቀየረ ነው። ጊደሮች ከትልልቅ ላሞች ሦስት ሳምንት ቀድመው እንዲወልዱ ማድረግ ይህን ጊዜ ይመልስላቸዋል። ለብቻቸው ተለይተው ይመገቡ፤ ከትልልቆቹ ጋር ከተቀላቀሉ ገንዳው ጋ የሚደርሱት መጨረሻ ነው።

የጥጃው መጥባት ራሱም ላሟን ያዘገያታል። ጥጃው ሁልጊዜ አጠገቧ ከሆነ የእናትነቱ ትስስር የፍላጎት ሆርሞኗን ይይዘዋል። በረት ውስጥ ለሚወልዱ ላሞች ጥጃውን ከ30ኛው ቀን በኋላ ለይቶ ጠዋትና ማታ ብቻ ማጥባት በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ብዙዎቹ ኮርማ እንዲፈልጉ ያደርጋል። ግን እናትና ጥጃ መተያየትና መሸታተት የለባቸውም፤ በአጥር ብቻ ከተለዩ ውጤቱ ይቀንሳል።

በመጨረሻ፣ ኮርማው ከወጣ ከ35 ቀን በኋላ ሁሉም በአልትራሳውንድ ይታዩ። ባዶ ሆና የተገኘችው ወዲያው ትሽጥ። ክረምቱን በሙሉ መግባ በጸደይ ባዶነቷ የሚታወቅ ላም ድጎማውን ብቻ አይደለም የምታሳጣው፣ ገፈራውንም በልታለች።


የገጠር_ጥናት

እግዜር ይስጥልኝ፣ የ80 እና የ125 ቀኑ ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ጥጃው ሞቶ ቢወለድስ? ላሟ ወልዳለች፣ ግን ጥጃ የለም፤ የሚቀጥለው ጥጃ ሲመጣ ሁለት ዓመት የቆየች አትመስልም ወይ? ሌላው፣ ጊደር የመጀመሪያ ጥጃዋን ስትወልድ ያለፈ ወሊድ የላትምና ምን ይደረጋል? የአየርላንዱ የሄክታር ጉዳይም ገና አልተመለሰልኝም።


መዝገብ_ያዥ

የጊደሯ ቀላል ነው፤ የመጀመሪያ ጥጃዋ በ410 ቀን አይመዘንም፣ ሌላውን መስፈርት ካሟላ ይከፈልበታል። የሞተው ጥጃ ግን ሰው በቸልታ የሚያልፈው ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ሞቶ የተወለደን ወይም የጆሮ ምልክት ሳይደረግለት የሞተን ጥጃ በኤሌክትሮኒክ መዝገቡ ማስገባት ይቻላል። ካልገባ ልክ እንዳልሽው ነው፤ ማርች 2025 ሞቶ የተወለደው ካልተጻፈ፣ በማርች 2026 የመጣው ጤነኛ ጥጃ እናቱ ለመጨረሻ ጊዜ የወለደችው በ2024 ይመስላል። ላሟ በ365 ቀን ወልዳ በመዝገብ 730 ትሆናለች። በዚያው ዕለት ይጻፍ፤ ከዓመት በኋላ ማንም ቀኑን አያስታውስም።

ሌላው የምዝገባ ጊዜ ነው። በብሪታንያ የሥጋ ጥጃ በ20 ቀን ውስጥ ሁለት የጆሮ ምልክት ይደረግለታል፣ በ27 ቀን ውስጥ ፓስፖርቱ ይጠየቃል። ይህ ካለፈ ፓስፖርት አይሰጠውም። ፓስፖርት የሌለው ከብት ለምግብ ወደ ቄራ አይገባም። ድጎማውን ብቻ ሳይሆን እንስሳውን አጣችሁ ማለት ነው።

አሁን አየርላንድ። ከ2023 እስከ 2027 የሚቆየው የአጥቢ ላም የካርበን ቅልጥፍና ፕሮግራም 256 ሚሊዮን ዩሮ ተይዞለታል። የአካባቢ ጥበቃ ክፍያ ስለሆነ ገንዘቡ የሚወጣው በሄክታር ነው፤ በአንድ ሄክታር 1.5 ላም ተብሎ ይሰላል። 150 ዩሮ በ1.5 ሲባዛ 225 ዩሮ ነው፣ ይህ ለመጀመሪያዎቹ 15 ሄክታር ነው። 15 ሄክታር በ1.5 ሲባዛ 22.5 ላም ይሆናል፤ 22 የምትለዋ ቁጥር ከዚህ ነው የመጣችው። ከ15 በላይ ላለው 120 በ1.5፣ ማለት 180 ዩሮ በሄክታር። ስለዚህ 30 ላም ያለው ገበሬ 20 ሄክታር ያስፈልገዋል፤ 15 በ225 ማለት 3,375፣ 5 በ180 ማለት 900፣ በድምሩ 4,275 ዩሮ በዓመት። ላሞቹ ኖረው መሬቱ 12 ሄክታር ብቻ ከሆነ የሚሰላለት ለ18 ላም ነው።

በምላሹ የሚጠየቀው ሥራ ነው፤ አብዛኛው ችግርም እዚህ ይፈጠራል። የመንጋው 70 በመቶ ያህል ከጆሮ በሚወሰድ ናሙና የዘረመል ምርመራ ይደረግለታል። የሚተኩት ጊደሮችና ኮርማው በብሔራዊ የዝርያ ምዘና አራት ወይም አምስት ኮከብ እንዲኖራቸው ይጠበቃል። ጥጃና እናት ይመዘናሉ። ናሙናው ላይ የተለመደው ስሕተት በአንድ ሌሊት የወለዱ ሁለት ላሞች ጥጃ መቀያየሩ ነው፤ ጥጃው የተገኘው ከተሳሳተችው ላም አጠገብ ሆኖ በእርሷ ስም ይጻፋል፣ ምርመራው ግን እናቱ አይደለችም ይላል። የጎረቤት ኮርማ አጥር ዘሎ የሠራውም በዚሁ ይጋለጣል። መፍትሔው ጥጃው ሳይቆም ቁጥሩን ከእናቱ ቁጥር ጋር ደብተር ላይ መጻፍ ነው።

ኮከቡም ቋሚ አይደለም። ምዘናው ሲከለስ ይወጣል ይወርዳል፤ በኖቬምበር 2023 በተደረገው ክለሳ ብዙ እንስሳት ኮከብ ጥለዋል። ስለዚህ ጊደር ስትመርጡ ዳር ላይ ያለችውን አራት ኮከብ ሳይሆን ከፍ ብላ የተቀመጠችውን ያዙ፤ የምዘናውን የእርግጠኝነት መቶኛም እዩ። በዘረመል ያልተመረመረች ጊደር እርግጠኝነቷ ዝቅተኛ ስለሆነ ብዙ የምትናወጠው እርሷ ናት።

ሚዛኑ ለፕሮግራሙ ብቻ መስሎ የሚታያቸው አሉ። ከሁሉም ጠቃሚው ግን እርሱ ነው። ጥጃው ቢያንስ 50 ቀን የሞላው መሆን አለበት። ከመጀመራችሁ በፊት ከሚዛኑ ሥር ያለውን እበት ጥረጉ፣ ዜሮ መሆኑን አረጋግጡ፣ ክብደታቸው የታወቀ ሁለት ባለ 25 ኪሎ የመኖ ከረጢት ጭናችሁ 50 ማለቱን እዩ። እናትና ልጅ በአንድ ጠዋት ይመዘኑ። ከግጦሽ የመጣች ላምና ሌሊቱን በረት ያደረች ላም በሆዳቸው ይዘት ብቻ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ይለያያሉ።

ከዚያ ስሌቱ፦ ጥጃው በ230 ቀኑ 310 ኪሎ ቢመዝንና ሲወለድ 42 ኪሎ ቢሆን፣ 268 ኪሎ በ230 ቀን ማለት በቀን 1.165 ኪሎ ነው። በ200 ቀን 233 ሲሆን 42 ሲጨመር 275። እናቱ 640 ኪሎ ከሆነች 43 በመቶ የራሷን ክብደት ጡት አስጥላለች። ጎኗ ያለችው ግዙፍ ላም 760 ኪሎ ሆና የ285 ኪሎ ጥጃ ብታስጥል 37.5 በመቶ ነው። ጥጃዋ በ10 ኪሎ ይበልጣል፣ ግን 120 ኪሎ ተጨማሪ ላም ክረምቱን በሙሉ ስትመገብ ከርማለች። በዓይን ሲታይ ሁሉም የሚያደንቀው ግዙፏን ነው፤ ሚዛን ከሌለ ጊደር የሚቀርላትም እርሷ ናት።


ደጋ_ግጦሽ

ከላይ በተባለው አብዛኛው እስማማለሁ፤ ሁለት ነገር ላይ ግን አልስማማም።

አንደኛ፣ «125 ቀን በቂ ነው» የሚለው ሜዳ ላይ ላለ መንጋ ነው። በስኮትላንድ ሃይላንድና በሄብሪዲስ ደሴቶች አምስት ስድስት ላም የያዙ ክሮፍተሮች (ትንሽ ይዞታ ያላቸው ገበሬዎች) አሉ። ኮርማ የራሳቸው የላቸውም፤ የጋራ ኮርማ ይጠብቃሉ፣ በተራ ነው የሚመጣው። ተራው በሦስት ሳምንት ከዘገየ የላሟ ጥፋት አይደለም። ኮርማው መሐል ላይ ቢያነክስ ምትክ በጀልባ ነው የሚመጣው። ከአምስት ላም አንዷ ከወደቀች የድጎማው አምስተኛ ሄደ፤ ከ200 ላም አንዷ ብትወድቅ አይታወቅም። ሰሜን አየርላንድን ተመልከቱ፤ በ2024 ሲጀምር በ415 ቀን ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ 385 ለመውረድ ነው ያቀደው፣ የመጀመሪያ ወሊድ ዕድሜንም ከ34 ወር ወደ 29። አስቀድሞ የተነገረ ደረጃ ለገበሬው ጊደር የሚያስጠቃበትን ዓመት ለመቀየር ጊዜ ይሰጠዋል። ዛሬ የተጠቃች ጊደር ጥጃዋ የሚሸጠው ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ ባጠረ ማስጠንቀቂያ የሚለወጥ ደንብ ቅጣት ነው።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ የት ይቀራል ለሚለው ጥያቄሽ። በአየርላንድ ብዙ መሬት ኮንኤከር በሚባለው የ11 ወር ኪራይ ነው የሚያዘው። ክፍያው 225 ዩሮ በሄክታር ተብሎ በይፋ ሲታወቅ አከራዩም ያውቀዋል። ላሞቹ ኖረውት ሄክታር የጎደለው ገበሬ ያችን ሦስት ሄክታር ለማግኘት ሲጫረት የድጎማው አንድ ክፍል በዚያው ኪራይ ያልፋል፤ መሬት የተጫረተው የወተት ገበሬ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በጥጃ የሚከፈለው እንዲህ በቀላሉ አይፈስም፤ እርሱም ቢሆን ጥጃ ከበዛ የገበያ ዋጋ ላይ ጫና አለው።

ሰፈሩ ውስጥ የሚቀረውን ማየት ከፈለግሽ የከብት ገበያውን ሒሳብ ጠይቂ። የጨረታ በረት፣ ሚዛን፣ የሚያጥብ ሰው፣ ፈቃድ፣ እነዚህ ወጪዎች 400 ጥጃ ቢመጣም 250 ቢመጣም ያው ናቸው። ቁጥሩ ሲወርድ በጥጃ የሚጠየቀው ኮሚሽን ይወጣል፣ ወይም ሳምንታዊው ጨረታ በሁለት ሳምንት አንዴ ይሆናል። ያኔ ገዢው ከሩቅ መምጣት ይተዋል። የትልቅ እንስሳት ሐኪሙም እንዲሁ ነው፤ በሌሊት ለምጥ የሚጠራ ሐኪም በአንድ ሸለቆ ለመቆየት የሚበቃ በረት ያስፈልገዋል። ላሟ ስትሄድ ቀድሞ የሚዘጋው የማታው አገልግሎት ነው።


ጊደርና_ጥጃ

ደጋ ግጦሽ፣ የጋራ ኮርማው ነገር ትክክል ነው፤ ተቀብያለሁ። ብዙ ሰው የሚያቀርበው መፍትሔ ግን በላም ፋንታ የመንጋው አማካይ ይታይ የሚለው ነው፣ እርሱ አይሠራም። 20 ላም ውሰዱ፤ 17ቱ በ370 ቀን፣ 3ቱ በ520 ቀን ወለዱ። አማካዩ 392.5 ነው፣ ስለዚህ ሃያዎቹም ይከፈላቸዋል፣ ሦስቱ ሰነፎችም ከመንጋው አይወጡም። በአምስት ላም መንጋ ደግሞ አራቱ በ370፣ አንዷ በ580 ብትወልድ አማካዩ 412 ነው፤ በአንዲት ላም ምክንያት አምስቱም ይወድቃሉ። አማካይ የሚጎዳው ሊጠቅመው የታሰበውን ትንሹን ነው።

ምዘናው በእያንዳንዷ ላም እንዳለ ሆኖ ጠርዙን ማለስለስ ይሻላል፤ እስከ 410 ሙሉ፣ ከ411 እስከ 431 ግማሽ፣ ይህም አንድ የ21 ቀን ዙር ነው። ኮርማው በሦስት ሳምንት የዘገየበት ክሮፍተር ግማሹን ያገኛል፣ ዓመት የዘለለችው ላም ግን ምንም አታገኝም። የሚያስፈልገው የወሊድ ቀን መዝገቡ ውስጥ ስላለ አዲስ ቅጽ መሙላት አይጠይቅም።